እቅፍ ቀበቶ አይሆንም፦ ሁለት ልጆች ይዤ ከሐዋሳ ስበር

ሐዋሳ ውስጥ ህፃን ይዛ ልትበር የተነሳች ሴት ምክር አታጣም። ጎረቤት ይመክራል፣ የማኅበር ጓደኛ ይመክራል፣ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ይመክራል። "ጆሮውን በጥጥ ድፈኚለት።" "ፊቱን በነጠላ ሸፍኚው፣ የሰው ዓይን አለ።" "ሽሮፕ ስጪው፣ እስክትደርሱ ይተኛልሻል።" "ለትልቋ ቆሎ ያዢላት፣ ማባበያ ነው።" ሁሉንም ሰምቻለሁ። "ልጁን በምን ታስሪዋለሽ?" ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ስለዚያ ስላልተጠየቀው ጥያቄ ነው። ባለቤቴ ያለው ቨርጂኒያ ነው። ትንሹ ልጄ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ትልቋ ሦስት ዓመቷን እንዳለፈች፣ ሁለቱን ይዤ ብቻዬን ወደ እሱ ሄድኩ። ሐኪም አይደለሁም፣ የአቪዬሽን ባለሙያም አይደለሁም። ከመሄዴ በፊት ብዙ ያነበብኩ፣ ብዙ የጠየቅኩ፣ አንዳንዱን ሰው ያሰለቸሁ እናት ነኝ።

ከመንገዱ ልጀምር። ሰው አውሮፕላኑን ይፈራል እንጂ መኪናውን አይፈራም። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሻሸመኔ፣ በባቱ፣ በሞጆ አድርጎ የሚሄደውን መንገድ የማያውቅ የሐዋሳ ሰው የለም። ጋሪ አለ፣ ከብት አለ፣ ሲኖትራክ አለ፣ በጨለማ ያለ መብራት የሚመጣ አለ። ሚኒባስ ውስጥ ደግሞ ህፃን የሚጓዘው በእናቱ ጭን ላይ ነው፤ ቀበቶ የሚባል ነገር የለም። እናቴ "በመኪና ሂጂ፣ ምድር ይሻላል" አለችኝ። "እማዬ፣ አደጋው ያለው እኮ ምድር ላይ ነው" አልኳት። ቀልድ መሰላት። ከሐዋሳ ቦሌ ድረስ ያለው በረራ አንድ ሰዓት እንኳን አይሞላም። ገንዘቡ ካለ ለልጅ የሚሻለው እሱ ነው። ከሌለም ቀን መጓዝና ከኋላ ወንበር መቀመጥ ይቻላል።

አሁን ወደ ቀበቶው ልምጣ።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1989 የዩናይትድ 232 በረራ አሜሪካ ውስጥ ሱ ሲቲ ላይ በግድ ሊያርፍ ሲል ተከሰከሰ። ከተሳፈሩት 296 ሰዎች 112ቱ ሞቱ። በወላጅ እቅፍ የሚጓዙ አራት ትንንሽ ልጆች ነበሩበት። የዚያን ጊዜው መመሪያ ልጁን ወለል ላይ አድርጋችሁ፣ በትራስና በብርድ ልብስ ደግፋችሁ ያዙት የሚል ነበር። የአስተናጋጆቹ ኃላፊ ጃን ብራውን ለወላጆቹ ይህንኑ ነገረቻቸው። ከአራቱ አንዱ ልጅ ሞተ። ሌላዋ ህፃን ከወላጆቿ እጅ ተወርውራ የሻንጣ መደርደሪያ ውስጥ ገብታ ተገኘች፤ አንድ ተሳፋሪ አወጣትና ተረፈች። ጃን ብራውን ከዚያ በኋላ ማንኛውም ህፃን የራሱ ወንበርና የራሱ ማሰሪያ ይኑረው እያለች ለብዙ ዓመታት ተሟገተች።

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በሐሳቡ ተስማማ። የአቪዬሽን ባለሥልጣናቸው ኤፍ ኤ ኤ ግን ግዴታ አላደረገውም። ምክንያቱ ትንሽ ይገርማል። ለህፃኑ ወንበር መግዛት ያቃተው ቤተሰብ በመኪና ይሄዳል፣ በመኪና መንገድ ላይ ደግሞ የሚሞተው ልጅ ይበዛል አሉ። ለእናቴ ያልኳትን ነው ያሉት። ስለዚህ ዛሬም ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ በእቅፍ መብረር ይችላል። ያው ኤፍ ኤ ኤ ግን ለልጁ ከሁሉ የሚሻለው በራሱ ወንበር፣ በራሱ ማሰሪያ መሄዱ ነው ብሎ ይመክራል።

"እኔ ልጄን አጥብቄ ነው የምይዘው" የምትል እናት አትጠፋም። አምናታለሁ። ግን ሒሳቡን እንሥራው። የዘመኑ የአውሮፕላን ወንበር ሲፈተን ከክብደት 16 እጥፍ የሚሆን ጫና እንዲችል ተደርጎ ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በዚያ ጫና 160 ኪሎ ይሆናል። ከአንድ ኩንታል ተኩል በላይ ጤፍ በድንገት ከእጃችሁ ሲወረወር ይዛችሁ ማስቀረት ትችላላችሁ? ጡንቻ አለኝ የሚል አባትም አይችልም።

ደግሞ መከስከስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እሱ እጅግ ብርቅ ነው። ሰማይ ላይ ሳይታሰብ የሚመጣው መናጥ ግን ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ከለንደን ወደ ሲንጋፖር ይበር የነበረ አውሮፕላን በድንገት ተናጠ። ቀበቶ ያላሰሩት ወደ ጣሪያው ተወረወሩ። አንድ ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ተጎዱ። አብራሪው አስቀድሞ ሊነግራችሁ የማይችልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የቀበቶ መብራቱ ጠፍቶም ቢሆን ልጁ ካልተንቀሳቀሰ ይታሰር።

ምን ምን አማራጭ አለ

አንደኛው ለልጁ ትኬት ቆርጦ በመኪና የልጅ ወንበር፣ ሰዉ ካር ሲት በሚለው፣ ማሰር ነው። ምርጡ ይሄ ነው፤ ችግሩ ዋጋው ነው። በዓለም አቀፍ በረራ የእቅፍ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የአዋቂውን 10 በመቶ ገደማ ነው የሚከፍለው። የራሱን ወንበር የሚይዝ ልጅ ግን ከአዋቂው ብዙም አይርቅም። ሦስት ሙሉ ወንበር ለእኔ አልተቻለኝም። ስለዚህ ትልቋን በካር ሲት፣ ትንሹን በእቅፍ ቀበቶ ለማድረግ ወሰንኩ። አቅም ያለው ሰው ለትንሹም ይግዛለት እላለሁ። የቅንጦት ሻንጣ ከመሙላት ይቀነስና ለዚህ ይዋል።

ካር ሲቱን ባለቤቴ ከዚያ በሚመጣ ሰው ላከልኝ። ከመግዛታችሁ በፊት ጎኑን ወይም ጀርባውን እዩ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ከሆነ ለመኪናም ለአውሮፕላንም የተፈቀደ መሆኑን የሚናገር፣ በቀይ ቀለም የተጻፈ አረፍተ ነገር አለው። ያ ጽሑፍ ከሌለ አስተናጋጇ ልትከለክላችሁ ትችላለች። ስፋቱንም ለኩ። ከ40 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ከሆነ ብዙ አውሮፕላን ላይ ይገባል። ያገለገለ ስትገዙ ደግሞ ተጠንቀቁ። የመኪና አደጋ ያየ ካር ሲት ደህና ቢመስልም ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል። ብዙዎቹ ፕላስቲኩ ላይ የማብቂያ ቀን አላቸው። ጀርባ የሌለው፣ ልጅን ከፍ ብቻ የሚያደርገው መቀመጫ ለመነሳትና ለማረፍ አይፈቀድም፤ እሱን አትሸከሙ።

የሚቀመጠው መስኮት ጋ ነው። መተላለፊያ ጋ ከሆነ ሌላው ሰው በአደጋ ጊዜ እንዳይወጣ ያግዳል። የመውጫ በር ረድፍ ላይማ ጭራሽ አይሆንም። ከመሄዳችሁ በፊት ሳሎን ወንበር ላይ እየፈታችሁ እያሰራችሁ ተለማመዱት። እኔ ማታ ማታ ስለማመድ የሠራተኛችን ልጅ "አውሮፕላን እየተጫወታችሁ ነው?" እያለች ትስቅብኝ ነበር። አውሮፕላን ውስጥ ከኋላ ሰልፍ ቆሞ፣ አንዱ ልጅ እያለቀሰ፣ ቀበቶውን በየት እንደምታሳልፉ ማሰብ ሌላ ነገር ነው።

ሌላው ደግሞ ኬርስ የሚባል ማሰሪያ ነው። ከአውሮፕላኑ ወንበር ጀርባ ዙሪያ ተጠልቆ በልጁ ትከሻ ላይ የሚወርድ ነው። በራሱ ወንበር ለሚቀመጥ፣ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ለሚመዝን፣ ቁመቱ ከ1 ሜትር ለማይበልጥ ልጅ ነው። እጅ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ለአውሮፕላን ብቻ ነው፤ መኪና ላይ አይሠራም። አሜሪካ የምትሄዱ ከሆነ ይህን አስቡበት። እዚያ ልጅ ያለ ካር ሲት መኪና ውስጥ ማስገባት በየግዛቱ ሕግ የተከለከለ ነው። ከአየር ማረፊያው በር ጀምሮ ያስፈልጋችኋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ካር ሲት እንደምትይዙ አስቀድማችሁ ለአየር መንገዱ ንገሩና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ቼክ ኢን ላይ አንዱ ልጅ "ይሄ ወደ ዕቃ ይገባል እንጂ ወንበር ላይ አይቻልም" ብሎኝ ነበር። አልተጨቃጨቅኩም። ስልኬን ከፍቼ የተላከልኝን መልስ አሳየሁት፣ ቀዩን ጽሑፍም አሳየሁት። አለቃውን ጠርቶ አነጋገረና አሳለፈኝ። ያ መልስ ባይኖር ኖሮ ካር ሲቱ ከሻንጣ ጋር ወደ አውሮፕላኑ ሆድ ይገባ ነበር።

የትንሹ ቀበቶ ደግሞ እንዲህ ነው። ትንሽ ቀበቶ ናት፣ ጫፏ ላይ ቀለበት አላት። የእኔ ቀበቶ በቀለበቷ ውስጥ ያልፋል፣ እሷ ደግሞ በልጁ ሆድ ዙሪያ ትታሰራለች። ልጁ ጭኔ ላይ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ይቀመጣል። በአውሮፓ ለእቅፍ ልጅ የግድ ነው። የአሜሪካ አየር መንገዶች ግን በመነሳትና በማረፍ ጊዜ አይፈቅዱትም፤ ግጭት ቢፈጠር እናትየው ወደ ፊት ስትታጠፍ ልጁ መሀል ይጨፈለቃል ብለው። እኔ በተሳፈርኩበት ስለሚሰጥ ጠይቄ ወሰድኩ። በመናጥ ጊዜ ከባዶ እጅ በብዙ ይሻላል። ሁለቱም ወገን የሚስማማበት አንድ ነገር አለ፦ የራሳችሁን ቀበቶ ልጁንም ጨምራችሁ በሁለታችሁ ላይ አትሰሩ። በድንገት ሲቆም የእናንተ ሙሉ ክብደት ልጁን ቀበቶው ላይ ይጫነዋል።

ማዘያስ? አየር ማረፊያ ውስጥ ማዘያን የሚያህል የለም፤ ሁለት እጅ ነፃ ይሆናል። ወንበር ላይ ግን አይሆንም። በጀርባ አዝሎ ወንበር ላይ መደገፍ ምን እንደሚያደርግ መንገር አያስፈልግም። ከፊት የሚታዘለውም ቢሆን እንደ ማሰሪያ አይቆጠርም፤ ለመነሳትና ለማረፍ ፍቱት ይሏችኋል። ትክክል ናቸው።

ጭንብሉና ትኩስ ሻዩ

ከጎኔ ባለው ረድፍ ሌላ ህፃን የያዘች ሐበሻ ነበረች። አጠገቤ ገና ሰው ያልያዘው ወንበር አይታ ልትቀመጥ መጣች፤ አስተናጋጇ ግን መለሰቻት። ሴትየዋ ቅር አላት። ምክንያቱ የኦክስጅን ጭንብል ነው። ከሦስት ወንበር በላይ ብዙውን ጊዜ አራት ጭንብል ነው ያለው። አንዱ ትርፍ ለአንድ የእቅፍ ልጅ ነው። ሁለት የእቅፍ ልጅ ከተቀመጠ አንድ ሰው ያለ ጭንብል ይቀራል። ስለዚህ ቦታ ቀይሩ ስትባሉ እሺ በሉ።

ጭንብሉ ከወረደ መጀመሪያ ለራሳችሁ። የእናት አንጀት ይህን አይቀበልም፣ አውቃለሁ። ግን አውሮፕላኑ በሚበርበት ከፍታ፣ 35,000 ጫማ ላይ፣ አየሩ ቢያመልጥ አንድ ጤነኛ አዋቂ በትክክል ማሰብ የሚችለው ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ልጁ ጭንብሉን አልፈልግም ብሎ ሲታገላችሁ ያ ጊዜ ያልቃል። እናንተ ከደከማችሁ ሁለታችሁም ቀረ። ለሦስት ዓመቷ ልጄ ቤት ውስጥ በወረቀት ኩባያ "መጀመሪያ እማማ፣ ከዚያ አንቺ" እያልን ተጫውተንበታል። እንዲህ ያለውን ነገር ልጆች ከእኛ ይልቅ ቶሎ ይይዙታል።

አውሮፕላን ውስጥ ህፃናት ከሚጎዱባቸው ነገሮች ዋነኛው ማንም የማይጠረጥረው ነው፤ ትኩስ ሻይና ቡና። ጠረጴዛዋ ትንሽ ናት፣ የህፃን እግር ደግሞ አያርፍም። እኔ ልጁ ጭኔ ላይ እያለ ምንም ትኩስ ነገር አልጠጣሁም። ቡና ለለመደ ሰው ከባድ ጾም ነው። ከጎኔ የነበሩት አንድ ሰውዬ ሻይ ሲያዙ "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በዚያ በኩል ያድርጉት" አልኳቸው። ሳቁና አዛወሩት። ብዙም ሳይቆይ አውሮፕላኑ ነቅነቅ ሲል ኩባያው ተገልብጦ ጠረጴዛቸውን አራሰው። ከዚያ በኋላ ራሳቸው አስተናጋጇን "እዚህ ልጅ አለ፣ በዚያ በኩል አሳልፊው" ይሏት ጀመር።

ከተቃጠለ ግን ኮልጌት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሚባል ነገር አትቀቡ። ቀዝቃዛ ንፁህ ውሃ ብቻ፣ እስከ 20 ደቂቃ። በረዶ አታድርጉበት። ልብሱን ቶሎ አውልቁ፤ ቆዳው ላይ ከተጣበቀ አትጎትቱት። አስተናጋጆቹን ጥሩ፣ የሕክምና ሳጥን አላቸው።

መተላለፊያ ጋ ያለው ወንበር ለመውጣት ለመግባት ይመቻል፤ ለእቅፍ ልጅ ግን አይመችም። የምግብ ጋሪው የልጅ ጣትና እግር ይመታል። ከላይ ደግሞ መደርደሪያው ሲከፈት ሻንጣ ይወድቃል። በተለይ ካረፈ በኋላ ሁሉም ሰው አንዴ ሲነሳ። እኔ እስኪያልቁ ድረስ ተቀምጬ ነው የምጠብቀው። የሚያሯሩጠን ነገር የለም፤ ሻንጣው እንደሆነ ገና አልደረሰም።

እንቅልፍ፣ ሽሮፕ፣ ጋቢ

ረጅሙ በረራ ሌሊቱን ሙሉ ነው። እናት ትተኛለች፤ ሰው ናት። ሕፃን ጡት እየጠባ፣ እናቱ አንገቷን ጥላ፣ ፊቱ በጡቷና በወንበሩ ክንድ መካከል ሲቀበር ይታያችሁ። ሊታፈን ይችላል። ይህን ከመከስከስ ይልቅ ፈርቼዋለሁ። ስለዚህ ትኬት ስቆርጥ ከፊት ግድግዳው ላይ የሚንጠለጠለውን የህፃን አልጋ አስቀድሜ ጠየቅኩ። ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ ቀድሞ የጠየቀ ነው የሚያገኘው። የክብደት ገደብ አለው፣ በየአየር መንገዱ ይለያያል፤ ስትጠይቁ የልጁን ኪሎ ተናገሩ። ለመነሳትና ለማረፍ አይሠራም። የቀበቶ መብራት ሲበራም ልጁን አውጥታችሁ ማሰር አለባችሁ፣ ቢተኛም። "አሁን ገና እንቅልፍ ወሰደው" ብላችሁ አትለምኗቸው። ሲናጥ አልጋው ውስጥ የሚያስቀረው ብዙ ነገር የለም።

በጀርባው አስተኙት። ትራስ አታድርጉ። ነጠላውንና ጋቢውን ከፊቱ አርቁ። ነፋስ እንዳይመታው፣ ዓይን እንዳይበላው ብለን ፊት የምንሸፍነው ነገር እዚያ ውስጥ አደገኛ ነው። ህፃን በሙቀትም ይጎዳል። አንገቱን ከኋላ ዳስሱት፤ ላብ ካለው አንድ ልብስ ይቀነስ። እናቴ የሰጠችኝን ጋቢ እኔው ለበስኩት፤ ለእሱ የሰጠችኝ መሆኑን አልነገርኳትም።

ስለ ሽሮፑ። ይህ በየመንደሩ የሚነገር ነገር ነው። የአለርጂና የጉንፋን ሽሮፕ እንቅልፍ ያመጣል፣ እውነት ነው። ግን ልጅን ለማስተኛት መድኃኒት መስጠት ከባድ ነገር ነው። ለምሳሌ ፕሮሜታዚን የሚባለው ትንፋሽን ሊያዳክም ስለሚችል ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዳይሰጥ በአሜሪካ ማሸጊያው ላይ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። አንዳንድ ልጅ ላይ ደግሞ እነዚህ ሽሮፖች ተገላቢጦሽ ይሠራሉ፤ እንቅልፍ ነስተው ያቁነጠንጡታል። የሰማይ ላይ ሆስፒታል የለም። ልጁ ካለቀሰ ያልቅስ። ያፈጠጠ ተሳፋሪ ካለ ይፍጠጥ፤ እሱም አንድ ጊዜ ህፃን ነበር።

ጆሮ

ጥጥ ምንም አያደርግም። ጆሮ የሚያመው ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ ያለው አየር ከውጭው ጋር ቶሎ አልመጣጠን ሲል ነው። የሚያመጣጥነው መዋጥ ነው። ስለዚህ ጡት፣ ጡጦ ወይም የሚጠባ ነገር። ለትልቁ ልጅ በስትሮው ውሃ።

እኛ ጋ አንድ የተለየ ነገር አለ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ነው፤ ቦሌ ከ2,300 ሜትር ያልፋል። አውሮፕላን ሲበር ደግሞ የውስጡ አየር ከ2,400 ሜትር ከፍታ አየር በላይ እንዳይሳሳ ተደርጎ ይያዛል። እንደ ድሪምላይነር ያሉት አዳዲሶቹ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያደርጉታል። ስለዚህ ቦሌ ላይ ስታርፉ በጆሮ ላይ ያለው ለውጥ ትንሽ ነው። ከባዱ ወደ ቆላ ስትወርዱ ነው፦ ዱባይ፣ ጅዳ፣ ዋሽንግተን። ከሐዋሳ ቦሌ ድረስ ምንም ያልሆነ ልጅ ዋሽንግተን ላይ ሊጮህ ይችላል፤ አትደንግጡ። ጡቱን መስጠት የሚጀመረው መንኮራኩሩ ሲወርድ አይደለም፤ ያኔ ዘግይቷል። አብራሪው መውረድ ጀምረናል ሲል ነው፣ ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲቀር። ልጁን ቀና አድርጋችሁ ስጡት። ሲጠባም ቢሆን ቀበቶው አይፈታም።

ጉንፋን የያዘው ወይም ጆሮው የሚመግል ልጅ ከሆነ ከመብረር በፊት ሐኪም ይየው። እግረ መንገዱን ክትባቱንም ጠይቁ። እኛ ሀገር የኩፍኝ ክትባት የሚጀመረው በ9 ወር ነው። ከዚያ በፊት ውጭ አገር የምትሄዱ ከሆነ ጤና ጣቢያው ወይም የሕፃናት ሐኪሙ ምን እንደሚል ስሙ። ገና የተወለደ ህፃን ይዞ መብረር ደግሞ የግድ ካልሆነ ይቆይ።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም፣ ከአንድ ነገር በቀር። ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ፈንድሻ ለትንንሽ ልጅ አትስጡ። አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ እንዲህ ያለ ጠጣር ፍሬ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። በሚነቃነቅ አውሮፕላን ደግሞ ይብሳል። ሙዝ፣ ለስላሳ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች ያዙ። ካነቀውና መሳል ካልቻለ፣ ዓመት ያልሞላውን ክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኝታችሁ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጋችሁ፣ በትከሻዎቹ መካከል አምስት ጊዜ በመዳፍ ምቱት። ካልወጣ ገልብጣችሁ ደረቱን መሀል ላይ በአንድ እጅ መዳፍ ግርጌ አምስት ጊዜ ተጫኑ። እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ። ከዓመት በላይ ለሆነው ጀርባውን አምስት ጊዜ ከመታችሁ በኋላ ከኋላ አቅፋችሁ ከእምብርቱ በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ትጫናላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነርስ በአሻንጉሊት እንድታሳያችሁ ጠይቁ። ማንበብ ብቻውን እጅን አያስለምድም። ለዱቄት ወተት የፈላ ውሃ በፔርሙዝ ያዙ፤ የመጸዳጃ ቤቱን የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ።

አሁን ደስ የማይለውን። ከአውሮፕላን በድንገት ውጡ ቢባል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2 ቀን 2024 ቶኪዮ ሃኔዳ ላይ የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን መንደርደሪያው ላይ ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ተቃጠለ። ውስጡ 379 ሰው ነበረ፤ ከእነሱ ስምንቱ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ነበሩ። ሁሉም በሕይወት ወጡ። አብዛኛው ሰው ሻንጣውን ትቶ ነው የወጣው። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ይሄን ነው፦ ፓስፖርትና ስልክ ቀድሞ በአንገት በሚንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ ይሁን፣ የዳይፐር ቦርሳው ግን ይቅር። ስትቀመጡ እስከ መውጫው በር ያሉትን ረድፎች ቁጠሩ፣ የኋላውንም። ህፃኑ ደረት ላይ ተጣብቆ፣ ጭንቅላቱ በእጅ ተደግፎ ነው የሚንሸራተተው። ሁለት ልጅ ይዛችሁ ብቻችሁን ከሆናችሁ ገና ስትሳፈሩ አጠገባችሁ ለተቀመጠው ሰው "ምናልባት ነገር ቢመጣ ትልቋን ይያዙልኝ" በሉት። እምቢ የሚል ሰው አላጋጠመኝም። እኒያ ሻይ ያዛወሩት ሰውዬ "ኧረ ልጄ፣ ምን ችግር አለው" ነበር ያሉኝ።

ቦሌ ላይ ከሀገር ውስጡ ወደ ዓለም አቀፉ ስትዛወሩ ሰው ይበዛል። የትልቋ ልብስ ኪስ ውስጥ የእኔንና የአባቷን ስልክ ጽፌ አስቀምጫለሁ። ጠዋት ከቤት ስንወጣ በለበሰችው ልብስ ፎቶ አንስቻታለሁ፤ ብትጠፋ "ምን ለብሳለች?" ሲሉኝ እንዳልንተባተብ።

የመመለሻውን ትኬት ስትቆርጡ የልጁን ልደት አስሉ። ጉዞው መሀል ላይ ሁለት ዓመት ከሞላው ለመመለሻው የራሱ ወንበር ይገዛለታል፤ እቅፍ አይፈቀድለትም። የእኔው ትንሹ ልደቱን እዚያ ነው የሚያከብረው። ስለዚህ ሲመለስ በእህቱ ካር ሲት መስኮት ጋ ይቀመጣል፤ ለእሷ ደግሞ ኬርሱን አዝዣለሁ። ስትለካ ከ1 ሜትር አላለፈችም፤ ገና ይሆናታል።